ከአውቶቡሱ ፊት የተሻገርንበት ጧት

ሰው ሲያረጅ የሚናፍቀው ነገር ይበዛል። አንዱ ወጣትነቱን ይናፍቃል፣ አንዱ ጥርሱን። አንድ ጡረተኛ ጎረቤት አለኝ፤ እሱ የሚናፍቀው የድሮ አለቃውን ነው። «የሚቆጣኝ ሰው አጣሁ» እያለ ይተክዛል። ይህን ሲል ሚስቱ አጠገቡ አልነበረችም እንጂ ናፍቆቱ እዚያው በወጣለት ነበር።

እኔ የምናፍቀው መሪ ነው። የመኪና መሪ ማለቴ ነው፤ አደራ፣ ሌላ እንዳይመስላችሁ።

የአውቶቡስ መሪ ይዛችሁ የማታውቁ አይፈረድባችሁም። እንደ ሰፌድ የሰፋ ነው፤ ሲይዙት ደረት ያስነፋል። ከኋላችሁ መቶ ሰው ተቀምጦ፣ ቆሞ፣ ተንጠልጥሎ፣ ተሰዳድቦ፣ ታርቆ ይሄዳል፤ እናንተ ግራ ስትሉ መቶው ሰው ግራ ያዘነብላል፣ ቀኝ ስትሉ ቀኝ። እንዲህ ያለ ታዛዥ ሕዝብ ከአውቶቡስ ውጭ አይገኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ከጦር ኃይሎች ተነስቼ በኮልፌ በኩል ሳንሱሲ ድረስ ተመላልሻለሁ። ከዚያ ተውኩት። እጄ ግን አልተወውም። ማዕድ ቀርቦ ሳለ ሳይታወቀኝ ትሪውን ወደ ግራ አዞረዋለሁ፤ ባለቤቴ ብርቄ «ሽብሩ፣ ወጡ ፈሰሰ እኮ! ደግሞ ወዴት ልትታጠፍ ነው?» ትለኛለች። ታክሲ ውስጥ ስቀመጥም ቀኝ እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። አንድ ጊዜ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት «አባት፣ ወንበሬን እየገፉብኝ ነው» ብላኛለች። ምን ልበላት? ሾፌሩ ማዞሪያው ላይ በፍጥነት ገባብን ልበላት?

«ይህን ያህል ከናፈቀህ ታዲያ ለምን ተውከው?» ማለታችሁ አይቀርም። እነግራችኋለሁ። ግን ትልቅ መኪና የነዳሁ ሰው ነኝና ቀስ ብዬ ነው የምታጠፈው።

ከወራት በፊት የከተማውን መንገድ የሚመለከት አንድ መሥሪያ ቤት በሰፈራችን ማቋረጫ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች ተከለ። በየአናታቸው ላይ ነጭ ሣጥን አለ፤ በሣጥኑ ላይ ደግሞ ዓይን የሚመስል ነገር። ኮልፌ ምሰሶ አይቶ ዝም የሚል ሰፈር አይደለም። አንዱ የአህያ መቁጠሪያ ነው አለ። ዜብራው አጠገብ ቆሎ የምትሸጠዋ ሴትዮ «እኔን ነው የሚያየኝ» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው። በአንዱ ቤተ ክርስቲያን የማለዳ ጸሎት ላይም ስለ ምሰሶው ተጸልዮአል ይባላል፤ እንዲሠራ ይሁን እንዲነቀል ግን ያጣራ የለም።

ነገሩን ያስረዳኝ ተስፋዬ ነው። ተስፋዬ መሪ ያስያዝኩት ልጅ ነው፤ ልጅ ስላችሁ አሁን ራሱ መላጣ ሆኗል። የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። አንድ ቀን ቤቴ መጣና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ምሰሶው ዓይን አለው። ሰው ዜብራው ላይ ሲገባ ያየውና በአየር ላይ ለአውቶቡሱ ይነግረዋል። አውቶቡሱ ራሱን በራሱ ያቆማል።»

«አንተስ?»

«እኔ እቀመጣለሁ። ምናልባት ካልሰማ ፍሬን እይዛለሁ።»

«ለመቀመጥ ነው ሁለት ዓመት ሙሉ ጎኔ አስቀምጬ ያሠለጠንኩህ?»

ሳቀ። ከዚያ የመጣበትን ነገረኝ። ሙከራውን የምትመራው ኢንጂነር መንገዱን አብጠርጥሮ የሚያውቅ አሮጌ ሾፌር ትፈልጋለች፤ እሱም የእኔን ስም ሰጥቷታል። «ከፈለጉ ደግሞ» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ «አንድ ጊዜ መሪውን እንዲያስይዙዎት እጠይቅልዎታለሁ።»

ብርቄ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። እሷ ዝም ካለች አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ሄድኩ። ኢንጂነሯ ሰላማዊት ትባላለች፤ ቢጫ ሰደርያ የለበሰች፣ ቶሎ ቶሎ የምታወራ፣ ስታወራ ግን ዓይን ዓይናችሁን የምታይ ወጣት ነች። «የተሳሰረ ተሽከርካሪ ቴክኖሎጂ ነው፣ ጋሽ ሽብሩ» አለችኝ። የታሰረ መስሎኝ ደንገጥ አልኩ። የእኛ ሰፈር መኪና ታስሮ የሚያውቀው ያለ ቦታው ሲቆም ነዋ። እሷ ግን መኪናው ከምሰሶው፣ ምሰሶው ከመብራቱ፣ መብራቱ ከሌላው መኪና ጋር እየተነጋገረ አደጋ ይቀንሳል ማለቷ ነው። እኔም በሆዴ፣ ባል ከሚስት፣ ጎረቤት ከጎረቤት በማይነጋገርበት ዘመን ብረት ከብረት ተነጋገረ አልኩ። ጎበዝ ነው ብረት።

ሦስት ቀን አብሬያቸው ዞርኩ። ሚኒባሶች ያለ ፌርማታ የት የት እንደሚቆሙ፣ ሲዘንብ ጎርፉ በየት በኩል አስፋልቱን እንደሚያቋርጥ፣ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ልጆቹ ዜብራውን ትተው በየት እንደሚቆርጡ አሳየኋቸው። አጣና የተሸከመ ሰው ዞር ሲል መንገዱን ጠቅልሎ እንደሚዞር ነገርኳቸው። እውነትም ካሜራው አንዱን አጣና ተሸካሚ አይቶ የጭነት መኪና ነው ብሎ መዘገበው። ሰውየው ቢሰማ ኩራቱ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ተስፋዬ ቃሉን ጠበቀ። አውቶቡሱ ዳር ይዞ ቆሟል። ከወንበሩ ተነሳና «ይግቡ፣ ጋሼ። ኢንጂነሯ ፈቅዳለች። እዚችው ድረስ ብቻ» አለኝ።

ገብቼ ተቀመጥኩ። መሪውን ያዝኩት። አቤት! በስንት ዘመኔ! ሁለቱም እጆቼ ቦታቸውን ሳይጠይቁ አገኙ። መስተዋቱን አስተካከልኩ፤ የሚስተካከል ነገር ኖሮት አልነበረም፣ ግን ሾፌር ነኝና ሳላስተካክል አልነሳም። ከፊቴ ዜብራው ነበር። ከዜብራው ማዶ «ሐና ልብስ ስፌት» የሚል ሰማያዊ ሰሌዳ አለ።

አስነሳዋለሁ ብል እጄ ወደ ቁልፉ አልሄድ አለኝ።

«አይ፣ ይቅር» ብዬ ወረድኩ። ተስፋዬ አንገቱን ደፋ፤ እሱ ያውቃል።

እንግዲህ መታጠፊያው ደረሰ።

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት፣ በአንድ የሰኔ ከሰዓት፣ በዚያው ማቋረጫ ላይ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ገጭቻለሁ። ዝናብ ነበር። አንድ ሚኒባስ ዜብራው አፍ ላይ ሰው ሊያወርድ ቆሟል። ልጅቷ ከሚኒባሱ ጎን ሮጣ ወጣች፤ እኔ ፍሬን ስይዝ ጎማው በውኃው ላይ ተንሸራተተ። ከዚያ በኋላ ያለውን ድምፅ አልነግራችሁም። ልጅቷ አልሞተችም፤ ተመስገን። ቀኝ እግሯ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሮ ሲጠገን ከግራው አጠረ። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ለካ፣ ዳኛ አየው፣ ሚኒባሱ ከልሎህ ነውና ጥፋት የለብህም ተባልኩ። ሽማግሌ ልኬ የእናትየው እግር ላይ ወደቅሁ፤ «ጌታ ይቅር ብሎኛልና እኔም ይቅር ብያለሁ» አለችኝ፤ ጴንጤ ነች፣ ቃሏ ቃል ነው። «አላየኋትም» አልኩ ለፖሊሱ። «አላየኋትም» አልኩ ለዳኛው፣ ለሽማግሎቹ፣ ለእናትየው፣ ለብርቄ። ያቺን ቃል ብዙ ከመደጋገሜ የተነሳ እንደ አድራሻዬ ሳላስብ የምናገራት ሆነች።

አደጋው በደረሰ በማግስቱ ቁልፉን አስረከብኩ። መሪ ከዚያ ወዲህ አልያዝኩም።

ልጅቷ አደገች፣ ልብስ ስፌት ተማረች፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል ሱቋን እዚያው ማቋረጫ ላይ ከፈተች። የመዘምራን ልብስ በመስፋት ስሟ የተጠራ ነው፤ በእሁድ ጧት ኮልፌ ውስጥ ተሰልፎ የሚዘምር ሁሉ የሐናን ስፌት ለብሶ ነው ይባላል። እኔ ግን በሱቋ ፊት አላልፍም ነበር፤ ከእነ ተስፋዬ ጋር በዞርኩባቸው ሦስት ቀናት እንኳ ከወዲያኛው ዳር ወደ እሷ አልተሻገርኩም። ዘነበወርቅ ያለችው እህቴ ጋ ስሄድ እንኳ በውስጥ ለውስጥ ዞሬ፣ ጭቃ ረግጬ ነበር ታክሲ የምይዘው። ብርቄ ስለ ጫማዬ ትቆጣለች እንጂ ስለ መንገዱ ጠይቃኝ አታውቅም።

ሙከራው የተደረገው ቅዳሜ ጧት ነው። የመንገዱ አንድ ወገን ለሁለት ሰዓት ተዘጋ፤ ግራና ቀኝ ሰው ተኮለኮለ። አውቶቡሱ ከላይ በዝግታ ይመጣል፤ ተስፋዬ እግሩን ፍሬኑ ላይ አድርጎ ይጠባበቃል፤ አንድ መንገደኛ ዜብራው ላይ ይገባል፤ ምሰሶው ለአውቶቡሱ ይነግራል፤ አውቶቡሱ ይቆማል። ሐሳቡ ይህ ነው። መንገደኛ እንዲሆን የታሰበው ደግሞ ልብስ ቤት ደጃፍ ላይ ልብስ ለብሶ የሚቆም የፕላስቲክ ሰው ነበር፤ ጎማ ባለው ጣውላ ላይ አቁመው በገመድ ይጎትቱታል። ሱፍ አልብሰውታል። ከእኔ ይልቅ ዘንጧል።

ጎተቱት። አውቶቡሱ ምንም ሳይመስለው መጣ፤ ተስፋዬ ነው በእግሩ ያቆመው። ደገሙት፤ ያው ነው። ሰላማዊት ኮምፒውተሯን አየችና ተናደደች። «ሰው አልመሰለውም፤ እግሩን አያንቀሳቅስማ!»

ኮልፌ ውስጥ እግሩን ሳያንቀሳቅስ ቆሞ የሚውል ስንት ሰው እንዳለ ልነግራት አልኩና ተውኩት።

«የሚራመድ ሰው ያስፈልገናል» አለች። ከመሥሪያ ቤቱ የመጡት ሰዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። እሷ ራሷ ሰደርያዋን ልታወልቅ ስትል፣ «አንቺ ኮምፒውተሩን ጠብቂ፤ እኔ እሻገራለሁ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔው ድምፅ ነበር።

«ጋሽ ሽብሩ፣ አይሆንም።»

«ልጄ፣ የሚነዳው እኔ ያሠለጠንኩት ነው። እሱን ካላመንኩ ማንን አምናለሁ?»

ይህ ለእሷ የሰጠሁት መልስ ነው። ለእናንተ እውነቱን ልናገር፤ ከመሪው ማዶ ያለው ዓለም ምን እንደሚመስል ማየት ፈልጌ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስን ከውስጥ አውቀዋለሁ። ከፊት ለፊት ግን አላውቀውም።

ገባሁ። ሁለት እርምጃ፣ ሦስት እርምጃ። አውቶቡሱ ከላይ ሲመጣ አየሁት። ወይ ግሩም! ከፊት ሲታይ እንዴት ያለ ነገር ነው! ግድግዳ ነው የሚመጣባችሁ። በእኔ በትልቁ ሰው ላይ ይህን ያህል ከገዘፈ፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን እንደሚያህል አሰብኩና መሄዴን ረስቼ ቆምኩ። አውቶቡሱ ብዙ ርቀት ሲቀረው ፍጥነቱን ቀነሰ፣ አለዘበ፣ ቆመ። ሰዉ አጨበጨበ። ተስፋዬ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ «እኔ አይደለሁም! ራሱ ነው!» አለኝ በመስኮት።

እኔ ግን ከማልቀስ በስተቀር የመጣልኝ ነገር አልነበረም። ምነው ያኔ! ምነው ያን ጊዜ አንድ እንዲህ ያለ ምሰሶ፣ አንድ እንዲህ ያለ ሣጥን! ናፍቆት ላለፈ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሳይኖር ለቀረ ነገርም ሰው እንዲህ ሊናፍቅ እንደሚችል ያወቅሁት እዚያ ዜብራ ላይ ነው።

«ጋሽ ሽብሩ።»

ዞር አልኩ። ሐና ከሱቋ ወጥታ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆማለች። የልኬት ሜትር አንገቷ ላይ አጥልቃለች፣ መርፌ ደረቷ ላይ ሰክታለች። ስሜን ከየት አወቀችው? የማይረባ ጥያቄ ነው፤ ግን ያን ጊዜ ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

«ሁለተኛውን ዙር አብሬዎት ልሻገር» አለች።

ሰላማዊት ሮጣ መጣች። «እህቴ፣ ይቅርታ፣ ይህ እኮ ሙከራ ነው። አደጋ ሊኖረው ይችላል።»

ሐና ፈገግ አለች። «እኔ እዚህ ቦታ ላይ ተሞክሬያለሁ» አለቻት።

ኢንጂነሯ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባትም። ተስፋዬ ግን ገብቶት ከአውቶቡሱ ወረደና ሰላማዊትን ወደ ጎን ወስዶ አንሾካሾከላት። ከዚያ ሰላማዊት ወደ እኛ ሳታይ ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰችና በቀስታ «እሺ» አለች።

አውቶቡሱ ወደ ኋላ ሄዶ እንደገና መጣ። ጎን ለጎን ገባን። እርምጃዋ ቀርፋፋ ነው፤ ቀኝ እግሯን ስትጥል ትከሻዋ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ቀና። እርምጃዬን ከእርምጃዋ ጋር ላስተካክል ሞከርኩ። አንዳችን ሌላችንን አላየንም። አውቶቡሱ እንደ ቅድሙ አምሮበት ቆመ። ተመስገን አልኩ። መሐል መንገድ ላይ ስንደርስ ግን ያ ግድግዳ ጉርር አለና ወደ እኛ አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ አለ።

ሳላስበው ሐናን ከለልኳት። ተስፋዬ ፍሬኑን ረገጠው። ሁሉም ነገር ቀጥ አለ።

ሰላማዊት መጥታ ስትደርስ ፊቷ ዐመድ መስሏል። ነገሩ ወዲያው ታወቀ፤ ምሰሶው ሰው መግባቱን ይናገራል፣ ለመሻገር የሚበቃውን ጊዜ አስልቶ ይሰጣል፣ ጊዜው ሲያልቅ አውቶቡሱን ሂድ ይለዋል። «ያሰላነው በጤነኛ ሰው እርምጃ ነበር» አለች እየተንተባተበች።

«ጤነኛ ነኝ እኮ» አለቻት ሐና፣ «ቀርፋፋ ነኝ እንጂ።»

ሰላማዊት አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ እንደ አዋቂ ሰው አንድ ነገር አደረገች፤ ሐናን ይቅርታ ጠይቃ፣ ተስፋዬን ሞተሩን አስጠፍታ፣ «እባክሽ ተሻገሪልኝ። እንደ ልብሽ ቀስ በይ» አለቻት። ሐና ያን ጧት አውቶቡሱ ተኝቶ ደጋግማ ተሻገረች፤ ማሽኑም እርምጃዋን ተማረ። ዛሬ በዚያ ማቋረጫ የምታልፉ ባለመኪናዎች «ይሄ ነገር ምን ሆኖ ነው ይህን ያህል የሚያቆመን?» ብላችሁ ስትነጫነጩ እሰማለሁ። ምንም አልሆነም። ሐና እስክትሻገር ነው።

መንገዱ ተከፈተ፤ ሰዉም ተበተነ። እኔ ሹልክ ልል ስል «ትንሽ አረፍ ይበሉ» አለችኝ። ሱቋ ውስጥ ገብቼ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ለነገው መዝሙር የሚደርስ ሐምራዊ ጨርቅ በየቦታው ተከምሯል። እሷ የስፌት መኪናዋ ጋ ተቀምጣ ክር ስታስገባ፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ ጠየቀችኝ።

«ያን ቀን አይተውኝ ነበር?»

አያችሁ፣ መልሱ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ አሥራ አራት ዓመት የተቀመጠ ነው። አላየሁሽም። ለዳኛ የበቃ መልስ ለልብስ ሰፊ አይበቃም? ግን ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ ያለው ነገር ከውስጤም የሆነ ነገር አፈናቅሎ ነበር።

«አየሁሽ» አልኩ። «ከሚኒባሱ ጎን ብቅ ብለሽ ቆመሽ ነበር። ዘግይቼ ነበር፤ ሳንሱሲ ላይ ተቆጣጣሪ ይጠብቀኛል። ፍሬን መያዝ ነበረብኝ። ትቆማለች ብዬ ክላክስ ነፋሁና ነዳሁ። ልለፍ አልኩ፤ ፍሬን የያዝኩት ከሮጥሽ በኋላ ነው። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

የስፌት መኪናዋን መዘውር በእጇ ይዛ አቆመችው።

«ክላክሱን ሰምቼዋለሁ» አለች። «ለዚህ ነው የሮጥኩት። ሂጂ፣ እለፊ ያሉኝ መስሎኝ።»

እኔ ቁሚ ማለቴ ነበር። እሷ ሂጂ ብላ ሰማችው። ተነጋግረን ነበር ማለት ነው፤ ሳንግባባ።

«እኔም ለማንም አልተናገርኩም» አለች። «ለእናቴም። ክላክስ እየሰማች ገባች ይሉኛል፣ ጥፋቱ የራሷ ነው ይሉኛል ብዬ። ሁልጊዜ ያንን ድምፅ አስበዋለሁ። ሂጂ ነው ወይስ ቁሚ? እርስዎን አግኝቼ ይህን ብቻ ብጠይቅ እል ነበር። እርስዎ ደግሞ በሩቅ ሲያዩኝ ይታጠፋሉ።»

«ቁሚ ነበር ልጄ» አልኩ። «ግን መቆም የነበረብኝ እኔ ነኝ። የአንቺ ጥፋት ቅንጣት የለበትም።»

ያኔ ቀና ብላ አየችኝ። የጠበቅሁት እንባ ነበር፣ ወይ ቁጣ። ሁለቱም አልነበረም። ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ቆይቶ «እስቲ ያዝልኝ» ብሎ ለሰው እንደሚያቀብል ሰው ነበር ፊቷ።

«ይቅር ብዬዎታለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል» አለች። «እናቴ ብላለች። እኔ እስካሁን ይቅር የምለው ራሴን መስሎኝ ነበር፤ እርስዎ ጋ ገና መድረሴ ነው። ጊዜ ይስጡኝ።»

«የፈለግሽውን ያህል» አልኩ። ጊዜ መስጠት እንደሆነ የሰፈራችን ምሰሶ እንኳ ተምሮታል።

ልወጣ ስነሳ «ይቆዩ» አለችኝ። ክርኔን አየችው። «ኮትዎ ተተርትሯል። አውልቀው ይተዉልኝ።»

«ለመቼ ይደርሳል?»

«እንጃ። የመዘምራኑን ልጨርስ። መጥተው ይጠይቁ።»

በሸሚዝ ቤት ገባሁ። ብርቄን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዝናቡን፣ ተቆጣጣሪውን፣ ክላክሱን። ጨርሼ አንገቴን ደፍቼ ፍርዷን ስጠብቅ «አውቃለሁ እኮ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«በእንቅልፍህ አፍህን አሹለህ ጥሩምባ ትነፋለህ። ከዚያ ቁሚ፣ ቁሚ ትላለህ። ያላየኻትን ልጅ ቁሚ ትላታለህ እንዴ?»

አሥራ አራት ዓመት የደበቅሁት ምስጢር ለካ በየሌሊቱ ከትራሴ ላይ ሲወራ ኖሯል! «ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?» ብላት፣ «አንተ እስክትነግረኝ ብዬ ነዋ» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። እዚያ ዕቃ ስታንኳኳ ቆየች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርት ነው አለች። እሺ፣ ሽንኩርት ነው።

እነሆ ከዚያ ወዲህ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ሐና ሱቅ ጎራ እላለሁ። ኮቴ አልደረሰም። አንድ ቀን ክር የለኝም ትላለች፣ አንድ ቀን ሠርግ ደረሰብኝ ትላለች። በርጩማው ላይ እቀመጣለሁ፤ ስለ ጨርቅ ታወራኛለች፣ ስለ ድሮ አውቶቡስ አወራታለሁ፤ ባለፈው ሳምንት አንዱን ተሳፋሪ ስመስልላት ክሩ እስኪበጠስባት ሳቀች። ያቺን ቃል ግን እስካሁን አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ትናንት ግድግዳዋ ላይ ኮቴን ተሰቅሎ አየሁት። ክርኑ ተሰፍቷል። ስፌቱ ጥሩ አድርጎ ካላዩት አይታወቅም። ሐና ማየቴን አየች።

«ገና ነው» አለችኝ።

«ገና ነው» አልኩ እኔም፣ «አያስቸኩልም»፤ ደስ ብሎኝ በሸሚዜ ወጣሁ። ብርቄ ደጅ ላይ ጠብቃኝ ክረምት መግባቱን፣ ብርድ የሽማግሌ ጠላት መሆኑን ነገረችኝ። ይግባ። ብርድ ልብስ አለን።